ምዕራፍ ሰባት፦ ሞትን የሚፈራ ሰው እምነት ጎድሎታል?

በሕንድ በስደት የሚኖሩ የቲቤት መነኮሳት ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚማሩት አንድ መሠረታዊ ትምህርት አለ። «እኔ» የምንለው ነገር ጸንቶ የሚኖር አይደለም፤ የዛሬው ሰው ከትናንቱ ጋር ፈጽሞ አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ሞት ሲመጣ የሚጠፋ ጽኑ «እኔ» የለም ይላል ትምህርቱ። ይህን ጠንቅቆ ማወቅ የሞትን ፍርሃት እንደሚያቀል መምህራኑ ለዘመናት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሾን ኒኮልስ የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ ከሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ መነኮሳቱን ያጠናው ትምህርቱ በእርግጥ ፍርሃታቸውን አቅልሎላቸው እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ለማነጻጸሪያም ምእመናን የሆኑ ቲቤታውያንን፣ ቡታናውያንን፣ የሕንድ ሂንዱዎችን፣ እንዲሁም ሃይማኖተኛ የሆኑና ያልሆኑ አሜሪካውያንን ጠየቁ።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መነኮሳቱ ጽኑ «እኔ» የለም የሚለውን ትምህርት ከሌሎቹ ሁሉ አጥብቀው ተቀብለውታል። ሆኖም «ስሞት እኔነቴ ይጠፋል» የሚለው ፍርሃት ሲለካ ከሁሉም ቡድኖች በላይ የፈሩት እነሱው ሆነው ተገኙ። ሌላ ጥያቄም ቀርቦላቸው ነበር። ለሞት የሚያደርስ ሕመም ይዞሃል እንበል፤ በእጅህ ያለው መድኃኒት ለአንተ ጥቂት ጊዜ ይጨምርልሃል፤ ለማታውቀው ሰው ብትሰጠው ግን ለእሱ ከዚያ የረዘመ ዕድሜ ይሰጠዋል። ምን ታደርጋለህ? መድኃኒቱን አሳልፈው ለመስጠት ከሌሎቹ ይልቅ ያልፈቀዱት መነኮሳቱ ነበሩ። ጥናቱ ገደብ እንዳለው አጥኚዎቹ ራሳቸው ተናግረዋል፤ የተጠየቁት መነኮሳት ለረጅም ዓመታት በተመስጦ የተካኑ ሰዎች አልነበሩም። ቢሆንም ትምህርቱን ያውቁታል፣ ያምኑታል፣ ፍርሃቱም አብሯቸው አለ።

ይህን ጥናት ያስቀደምኩት በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ ሐሳብ ስላለ ነው። የሞት ፍርሃት እንቅልፍ የነሳውን ሰው ስናገኝ መጀመሪያ የምንለው «አይዞህ፣ እምነትህን አጠንክር» ነው። ቃሉ ከፍቅር የሚወጣ ነው። ሰሚው ዘንድ ሲደርስ ግን «ብታምን ኖሮ አትፈራም ነበር» የሚል ፍርድ ይዞ ይገባል። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ አንዱ ፍርሃቱ ነው፣ ሌላው የመፍራቱ እፍረት። ጾሙን የማይሽር፣ ሰላቱን የማያጓድል ሰው ሌሊት ልቡ ሲደነግጥበት ለንስሐ አባቱ ወይም ለሼኹ ለመናገር ያፍራል፤ ለሚስቱም አይነግራትም። ይህ እፍረት መሠረት የለውም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተከማቸው ጥናት እንደሚያሳየው ሰው ምን ያህል ያምናል የሚለው ስለ ሞት ፍርሃቱ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። ይበልጥ የሚነግረን እምነቱን እንዴት እንደያዘው፣ በመከራው ሰዓት ፈጣሪውን እንደ መጠጊያ ወይስ እንደ ከሳሽ እንደሚያየው ነው።

ፍርሃት እንዴት ይለካል?

በ1970 ዶናልድ ቴምፕለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ «እውነት» ወይም «ሐሰት» ተብለው የሚመለሱ 15 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አሳተመ። ስለ ሞት ማሰብ ይረብሸኛል ወይ፣ ካንሰር እንዳይዘኝ እሰጋለሁ ወይ የሚሉ ዓይነቶች ናቸው። መጠይቁ ቀላል በመሆኑ በብዙ አገሮች ተሠራጨ፤ ዛሬም ይሠራበታል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን ኮሌትና ሌስተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን ጠለቅ ብለው አይተውት ነበር። የራስ ሞት፣ የራስ አሟሟት፣ የሌላ ሰው ሞት እና የሌላ ሰው አሟሟት አራት የተለያዩ ፍርሃቶች ናቸውና ለየብቻ መለካት አለባቸው አሉ።

እኔ ከሁለቱ የኮሌትንና የሌስተርን እመርጣለሁ፤ ሰው ሲናገር የሚሰማው እንዲያ ነውና። አንዷ እናት ስለ መሞቷ ብዙም ሳትጨነቅ ልጆቿ በማን እጅ እንደሚወድቁ እያሰበች ትብሰለሰላለች። አንዱ አባት ሞትን አልፈራም ይላል፤ የአልጋ ቁራኛ ሆኖ ልጁ ሲያነሳውና ሲጥለው ማየትን ግን ይፈራል። ሌላው የእናቱን ሞት ከአሁኑ እያሰበ ይባትታል። የሲኦል ፍርድ የሚያስጨንቀው አለ፤ ምንም አለመኖር የሚያስጨንቀውም አለ። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ምክር መስጠት አይቻልም። «ሞት ለሁሉም ነው» የሚለው ማጽናኛ ልጆቿን ለምታስበው እናት ምንም አያደርግላትም።

እንግዲህ በእነዚህ መጠይቆች ተጠቅመው ብዙ ተመራማሪዎች አማኞችን ከማያምኑ፣ አጥባቂዎችን ከለዘብተኞች ጋር አነጻጸሩ። በ2017 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆናታን ጆንግና ባልደረቦቹ ከ1961 እስከ 2014 የተሠሩ 100 ያህል ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። በጥናቶቹ በአጠቃላይ 26 ሺህ ያህል ሰዎች ተሳትፈዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥናቶች በሃይማኖተኝነትና በሞት ፍርሃት መካከል ምንም ዝምድና አላገኙም። 18 በመቶው ሃይማኖተኞች የበለጠ እንደሚፈሩ፣ ሌሎቹ ደግሞ ያነሰ እንደሚፈሩ አሳዩ። ሁሉም ተደምሮ ሃይማኖተኞች በጥቂቱ ያነሰ ይፈራሉ የሚል ነበር የወጣው፤ ልዩነቱ ግን እጅግ ትንሽ ነው።

በዚያው ግምገማ ውስጥ አንዲት ሌላ ግኝት አለች። ጥቂት ጥናቶች ሰዎችን አማኝና ኢአማኝ ብለው ለሁለት ከመክፈል ይልቅ ከምንም ከማያምነው እስከ እጅግ አጥባቂው ድረስ በተርታ አስቀመጧቸው። እንዲህ ያደረጉት ጥናቶች 11 ሲሆኑ 10ሩ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። በሁለቱ ጫፍ ያሉት፣ ማለትም ፈጽሞ የማያምኑትና አጥብቀው የሚያምኑት፣ ከሌሎቹ ያነሰ ይፈራሉ፤ በብዛት የሚፈሩት መሐል ላይ ያሉት ናቸው። አብዛኞቻችን የምንገኘውም እዚያው መሐል ነው፤ እናምናለን፣ እንጠራጠራለን፣ ተመልሰን እናምናለን። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ከተመረመሩት ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በአሜሪካ ነው። ስለ ላሊበላ ካህን ወይም ስለ ሐረር ዑለማ የሚነግሩንን በጥንቃቄ መስማት አለብን።

ጎርደን ኦልፖርትና ማይክል ሮስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1967 ያቀረቡት ክፍፍል ነገሩን ይበልጥ ያብራራዋል። አንዳንድ ሰው ሃይማኖቱን ይኖርበታል፤ ማንም ባያየው ያው ነው። ሌላው ይጠቀምበታል፤ ለወዳጅነት፣ ለክብር፣ ለመጽናናት፣ ከማኅበረሰቡ ላለመነጠል። ሁለቱም በአንድ ቅዳሴ ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ፤ በውጭ ሲታዩ አይለዩም። የጆንግ ግምገማ እንዳሳየው የመጀመሪያው ዓይነት ሰው የሞት ፍርሃቱ ያነሰ ነው፤ የሁለተኛው ግን ከፍ ያለ ነው። ይህን ሳነብ ሁለተኛውን ሰው ለመውቀስ አልቸኮልኩም። ሰው ለመጽናናት ወደ ሃይማኖት መሄዱ ነውር አይደለም፤ ምናልባትም ቀድሞ የሚፈራው ሰው ነው መጽናኛ ፍለጋ የሚሄደው። የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣ በእንዲህ ዓይነት ጥናት መለየት አይቻልም።

የቤከር መጽሐፍ እና 22ቱ ዳኞች

ስለ ሞትና ስለ እምነት የሚጻፍ ነገር ኧርነስት ቤከርን ሳያነሳ አያልፍም። ቤከር አሜሪካዊ የባህል አንትሮፖሎጂስት ነበር። በወጣትነቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ ዘምቶ፣ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ነፃ ሲወጣ በቦታው ነበር። በ1973 «ሞትን መካድ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሰው እንደ እንስሳ ሁሉ ሟች ነው፤ ከእንስሳ የሚለየው ሟች መሆኑን ማወቁ ነው፤ ይህን ዕውቀት ተሸክሞ መኖር ስለማይቻለው ከራሱ ዕድሜ የሚያልፍ ነገር ውስጥ ራሱን ያስገባል። ሃይማኖት፣ አገር፣ ዘር፣ ልጅ፣ ሥራ፣ ዝና ሁሉም ለዚህ ያገለግላሉ። «ስም ከመቃብር በላይ» ብሎ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ቤከር ግን በካንሰር ታመመ። ሳም ኪን የተባለ ጸሐፊ ቫንኩቨር ሆስፒታል ድረስ ሄዶ በሞት አልጋው ላይ ቃለ መጠይቅ አደረገለት፤ ስለ ሞት የጻፈው ሁሉ አሁን በራሱ ላይ እየተፈተነ መሆኑን ያወቀ ሰው ንግግር ነበር። በማርች 1974 በ49 ዓመቱ አረፈ። ከሁለት ወር በኋላ መጽሐፉ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ።

ሐሳቡ በቤተ ሙከራ ሊፈተን ይችላል ያሉት ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች፣ ጄፍ ግሪንበርግ፣ ሼልደን ሶሎሞንና ቶም ፒዝቺንስኪ ናቸው። የቤከር ሐሳብ እውነት ከሆነ፣ ሰው ሞቱን ሲያስታውስ የያዘውን እምነትና ሥርዓት ይበልጥ አጥብቆ መያዝ፣ የሚጻረረውንም ይበልጥ መቅጣት አለበት አሉ። በ1989 ከታተሙት ሙከራዎቻቸው መካከል የታወቀው በአሪዞና ግዛት በቱሳን ከተማ በ22 ዳኞች ላይ የተደረገው ነው። ዳኞቹ መጠይቅ ተሰጣቸው። የግማሾቹ መጠይቅ ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች ነበሩት፤ ስለ ራስህ ሞት ስታስብ ምን ይሰማሃል፣ ስትሞትስ በአካልህ ላይ ምን የሚሆን ይመስልሃል የሚሉ። ከዚያ ሁሉም በሴተኛ አዳሪነት የተከሰሰች አንዲት ሴት የዋስትና ገንዘብ እንዲወስኑ ተጠየቁ። ስለ ሞት ያልተጠየቁት በአማካይ 50 ዶላር ወሰኑ። የተጠየቁት 455 ዶላር።

ይህ ቁጥር በብዙ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ማስረጃ ሁሉ ቁንጮ ሲጠቀስ ኖሯል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲጠነቀቅ እፈልጋለሁ። 22 ሰው በጣም ጥቂት ነው። የሞት ማስታወሻ የሰዎችን አቋም ያጠነክራል የሚሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎች በተከታታይ ዓመታት ታተሙ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ እንዲሁ በትንሽ የሰው ቁጥር የተሠሩ ነበሩ። በኋላ የብዙ ቤተ ሙከራዎች ተመራማሪዎች ተባብረው በ1994 የታተመውን አንዱን ዋና ሙከራ ከ1,500 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ደገሙት። በ2022 የታተመው ውጤታቸው ባዶ ነበር፤ ሞትን ያሰቡትና ያላሰቡት አልተለያዩም። በሙከራው የመጀመሪያ ባለቤቶች ምክር የተሠራውም ያለ ምክራቸው የተሠራውም ያው ሆነ። የቤከር ጥያቄ ጥልቅ መሆኑን ይህ አይሽረውም። ሁለት ጥያቄ በወረቀት ላይ በመመለስ ብቻ የሰው ፍርድ ይገለበጣል የሚለውን ግን ከእንግዲህ እንደ ተረጋገጠ እውነት ልንናገረው አይገባም።

ፍርሃቱ ሌላ ልብስ ሲለብስ

የሞት ፍርሃት ራሱን በስሙ ጠርቶ ወደ ሐኪም አይመጣም። አንድ ሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ልቡ እየደለቀ ይነቃል፤ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይደነዝዛል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። «አለቀልኝ» ይላል። ቤተሰቡ ተሯሩጦ ድንገተኛ ክፍል ያደርሰዋል። የልብ ምርመራው ደህና ነው፤ ደሙም ግፊቱም ደህና ነው። «ምንም የለብህም» ተብሎ ይሸኛል። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ይህ ሰው አላስመሰለም። የያዘው ፓኒክ አታክ ይባላል፤ የሰውነት የአደጋ ደወል ያለ አደጋ ሲጮህ የሚፈጠር ነው። ከዚያ በኋላ የልቡን ምት ሁሉ ማዳመጥ ይጀምራል፤ ያዳመጡት ልብ ደግሞ ይፈጥናል።

በአውስትራሊያ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሬቸል ሜንዚስና ባልደረቦቿ የሚሉት፣ ይህን የመሳሰሉ ብዙ ሕመሞች ሥረ መሠረታቸው አንድ ቦታ ሊገናኝ ይችላል ነው። ሰውነቱን እየፈተሸ ካንሰር የሚፈልገው፣ በር መቆለፉን አሥር ጊዜ የሚያረጋግጠው፣ ጀርም ፈርቶ እጁን የሚፈትገው ሰው፣ ዝርዝሩ ቢለያይም የሚሸሹት አንድን ነገር ሊሆን ይችላል። በ2017 ከባልደረባዋ ኢላን ዳር ኒምሮድ ጋር ባሳተመችው ሙከራ፣ ያለ ማቋረጥ እጅ የመታጠብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሞታቸውን እንዲያስቡ ሲደረግ፣ ሌላ ነገር እንዲያስቡ ከተደረጉት መሰሎቻቸው በእጥፍ ያህል ጊዜ ታጠቡ። በ2019 ደግሞ በልዩ ልዩ የአእምሮ ሕመም ሕክምና የሚፈልጉ 200 ሰዎችን አጠኑ። የሞት ፍርሃቱ ከፍ ያለው ሰው በዕድሜው የገጠሙት ሕመሞችም በዛ ያሉ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችም የበዙ ሆነው ተገኙ። ይህ መዛመድን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ከላይ በዳኞቹ ላይ ያልኩት ጥንቃቄ ለእጅ መታጠቡ ሙከራም ይሠራል። ቢሆንም ሐኪሞች አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ በቂ ምክንያት ይመስለኛል። ይኸውም «ይህ ሁሉ ሲመጣብህ ምን ይሆናል ብለህ ነው የምትፈራው?» የሚለው ነው።

ፍርሃቱን የሚያቆየው አብዛኛውን ጊዜ ሽሽቱ ነው። ሰውዬው ለቅሶ ቤት መሄድ ይተዋል። በመቃብር ሥፍራ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ይቀይራል። ሬዲዮ የሐዘን መግለጫ ሲያነብ ይዘጋል። በእያንዳንዱ ሽሽት ለጊዜው ይቀለዋል፤ ያመለጠው በመሸሹ እንደሆነም አእምሮው ይማራል። እያደር የሚሸሸው ነገር እየበዛ፣ የሚውልበት ዓለም እየጠበበ ይሄዳል።

መጠጊያ ወይስ ከሳሽ?

ኬኔት ፓርጋመንት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ የሥራ ዘመኑን የሰጠው ለአንድ ጥያቄ ነው፤ መከራ ሲመጣ ሰው እምነቱን ምን ያደርግበታል? ሁለት መንገዶችን ለየ። በአንደኛው ሰው ፈጣሪውን አጋር አድርጎ ይይዛል፣ ከምእመናን ጋር ይጽናናል፣ ይቅር ይላል፣ ይቅርታም ይለምናል። በሁለተኛው «እግዚአብሔር ትቶኛል»፣ «በኃጢአቴ እየቀጣኝ ነው»፣ «ይህን ያደረገብኝ ሰይጣን ነው» እያለ ከእምነቱ ጋር ይታገላል። ሁለቱም አማኞች ናቸው። ሁለተኛው እንዲያውም እምነቱ ባይጠነክር ኖሮ እንዲህ ባልታገለ።

በ2001 ፓርጋመንትና ባልደረቦቹ በሰሜን ካሮላይና በደረም ከተማ ሆስፒታል ገብተው የታከሙ፣ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 596 ሰዎችን ለሁለት ዓመት የተከታተሉበትን ጥናት አሳተሙ። የሕመማቸው ክብደትና የመንፈስ ሁኔታቸው ከግምት ገብቶም፣ በእምነታቸው ውስጥ የሚታገሉት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ፈጣሪ ትቶኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ዕድሉ በ28 በመቶ፣ ፍቅሩን የሚጠራጠር በ22 በመቶ፣ ሕመሙን ሰይጣን አመጣብኝ የሚል በ19 በመቶ ይጨምራል። በኋላ የወጣው ተከታይ ጥናታቸው አንድ ማስተዋል አከለበት። ትግሉ መኖሩ ብቻ አልነበረም አሳሳቢው፤ ሰውን የሚጎዳው ትግሉ ሳይፈታ መክረሙ ነው።

ይህን ግኝት ሁሉም የሃይማኖት አባት ቢያውቀው እመኛለሁ። የታመመ ሰው «ለምን እኔን?» ሲል ዝም ማሰኘት ቀላል ነው። «እንዲህ አይባልም፣ ኃጢአት ነው» ይባልና ጥያቄው ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ውስጥ ሆኖ ይከርማል። ኢዮብም እኮ ጠይቋል፤ ወዳጆቹ ሕመሙን በኃጢአቱ ሊያስረዱ ሲሞክሩም የተወቀሱት እነሱ ናቸው። አፍ አውጥቶ የተጠየቀ ጥያቄ፣ በትዕግሥት የሚሰማ ሰው ካገኘ፣ ቢያንስ ብቻውን አይከርምም።

እምነት በሕመም አልጋ ላይ ሁልጊዜ ሞትን ወደ መቀበል ይመራል ማለትም አይደለም። በ2009 በአሜሪካ በጸና ካንሰር የታመሙ 345 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ በእምነታቸው አጥብቀው የሚደገፉት በመጨረሻቸው ሰሞን በመተንፈሻ መሣሪያ የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ 11.3 በመቶ ከ3.6 በመቶ ጋር ሲነጻጸር። ተአምር የሚጠብቅ ሰው እስከ መጨረሻው ይታገላል። መንፈሳዊ ፍላጎታቸውን ሐኪሞቻቸውና ነርሶቻቸው ያከበሩላቸው ሕሙማን ግን ስቃይን በሚያስታግስና መጨረሻን በሚያስከብር እንክብካቤ የመጠቀም ዕድላቸው እንደሚጨምር በተከታታዩ ሥራ ተገኝቷል። ስለ ነፍሱ የሚጠይቀው ሐኪም ያገኘ ሰው፣ ሐኪሙ ስለ ሥጋው የሚለውንም ይሰማል።

በእኛ ቤት

የኢትዮጵያውያን ልማድ በዚህ የጥናት መስክ ውስጥ ገብቶ የተጻፈበት አጋጣሚ አለ። በ1992 አንትሮፖሎጂስቷ የውብዳር በየነ በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች መጥፎ ዜና እንዴት እንደሚነገር ጻፉ። የአሜሪካ ሐኪም ለራሱ ለታማሚው ፊት ለፊት ይነግረዋል፤ መብቱ ነው፣ ሕጉም ያዛል። ቤተሰቡ ግን ይህን እንደ ጭካኔ ያየዋል፤ ወሬው መጀመሪያ ለቅርብ ዘመድ ይነገር፣ እነሱ ጊዜና ሁኔታ አይተው ይወስኑ ይላል። ጽሑፉ ሐኪሞቹን ያስተማረው በዚህ ልማድ ውስጥ ያለውን ጥበብ ነው። መርዶ የሚያረዳ ሰው ሌሊት አይሄድም፤ ሽማግሌና ጎረቤት አስከትሎ በማለዳ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አይሆንም።

ጥበቡ ትልቅ ነው፤ ክፍተትም አለው። የሌላ ሰው ሞት በእኛ ዘንድ የተሸሸገ አይደለም። ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ይቆጠራል። ኮሌትና ሌስተር ከለዩዋቸው አራት ፍርሃቶች ለአንዱ፣ ለሌላ ሰው ሞት፣ ይህን ያህል የተደራጀ መልስ ያለው ማኅበረሰብ ብዙ አይመስለኝም። የሚሞተው ሰው ግን በገዛ አልጋው ላይ ብቻውን ነው። ሁሉም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ጠያቂው «ደህና ነህ፣ ፊትህ እኮ ተመልሷል» ብሎ ይወጣል። እናቴ፣ አባቴ ብለን የምንሳሳላቸው ሰዎች የሚፈሩትን ሳይናገሩ፣ ሊናዘዙ የፈለጉትን ሳይናዘዙ የሚያልፉት በዚህ ዝምታ ነው። ዝምታውን ለመስበር የአሜሪካን መንገድ መቅዳት አያስፈልግም። ዘመድ ባለበት፣ በማለዳ፣ በለሰለሰ ቃል «ምን ያሳስብሃል? እንድናደርግልህ የምትፈልገው ምንድን ነው?» ማለት ይቻላል።

በካናዳ ማኒቶባ የሚሠራው የአእምሮ ሐኪም ሃርቪ ቾቺኖቭ ይህንኑ ወደ ሕክምና ቀይሮታል። ሊሞት የተቃረበን ሰው በሕይወትህ በጣም የምትኮራበት ምንድን ነው፣ ቤተሰብህ ስለ አንተ ምን እንዲያስታውስ ትፈልጋለህ፣ ለልጆችህ የምትመኘው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱ ይቀዳል፣ በጽሑፍ ይገለበጣል፣ ለሰውዬው ተነቦለት ይታረማል፣ ከዚያ ለቤተሰቡ የሚተላለፍ ሰነድ ይሆናል። በ2005 ባወጣው የመጀመሪያ ሰፊ ሥራው 100 ሕሙማን ተሳትፈዋል፤ አብዛኞቹ ክብራቸው ከፍ እንዳለ ተናግረዋል። ኑዛዜ የሚያውቅ፣ ምርቃት የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመቀበል የሚከብደው አይመስለኝም።

ሕክምናውስ?

የሞት ፍርሃት ይታከማል። ሜንዚስና ባልደረቦቿ በ2018 15 የተነጻጻሪ ሙከራ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ፍርሃቱን በግልጽ ሲቀንስ የተገኘው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው። ሥራው ሽሽቱን መቀልበስ ነው። ታካሚው ከባለሙያው ጋር ሆኖ፣ ከቀላሉ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ፣ የሸሸውን ይጋፈጣል። ለቅሶ ቤት ይሄዳል፣ መቃብር ሥፍራ ገብቶ ይቀመጣል፣ ኑዛዜውን ይጽፋል፣ የሚፈራውን አሟሟት በዝርዝር ጽፎ ጮክ ብሎ ያነበዋል። የልቡን ምት መቁጠር፣ «ደህና ነኝ?» እያሉ ቤተሰብን መጠየቅ፣ ከሐኪም ሐኪም መዞር ቀስ በቀስ ይቀራል። ፍርሃቱ ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ እስኪበርድ አብሮት ይቆያል፤ እንደሚበርድም በራሱ ያያል።

ከሩቅ የሚታየው ሞት ከቅርቡ ሊከፋ እንደሚችልም ጥናት አለ። በ2017 አሚሊያ ጎራንሰንና ባልደረቦቿ በቴክሳስ ግዛት የሞት ፍርድ የተፈጸመባቸው ሰዎች የተናገሩትን የመጨረሻ ቃል ሰበሰቡ፤ ከዚያ ሌሎች ሰዎች በእነሱ ቦታ ቢሆኑ ምን እንደሚሉ ገምተው እንዲጽፉ አደረጉ። በማይድን ሕመም የተያዙ ሰዎች በጻፏቸው ማስታወሻዎችም ላይ ተመሳሳይ ንጽጽር ሠሩ። በሁለቱም ቦታ በእርግጥ የሚሞቱት ሰዎች ቃል፣ ከሚገምቱት ቃል ይልቅ በበጎ ስሜት የተሞላ ነበር፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሃይማኖት ብዙ ያወራል።

ሃይማኖተኛ ታካሚ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሄድ እምነቱን በር ላይ እንዲተው አይጠየቅም፤ የሚጠይቀው ካለ ሌላ ባለሙያ ይፈልግ። ጸሎቱን ይቀጥል፣ ጸበሉን ይጠጣ፣ ቁርኣኑን ያስቀራ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ማርያም ጸበል የገቡ ብዙዎች ከሁለት አንዱን መምረጥ ያለባቸው መስሏቸው ነበር። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው በግልጽ አስተማሩ። ለአእምሮ ሕመምም እንዲሁ ነው።

የሞት ሐሳብ አልፎ አልፎ የሚጎበኘው ሰው ታማሚ አይደለም። ሐሳቡ እንቅልፍና ሥራ ለሳምንታት ሲያውክ፣ ከቤት መውጣት ሲያስፈራ፣ ምርመራ ደህና ከሆነ በኋላም ከክሊኒክ ክሊኒክ ሲያዞር፣ ወይም ፍርሃቱ ተገልብጦ «ብሞት ይሻላል» ማሰኘት ሲጀምር ግን ጊዜ መስጠት አይገባም፤ የመጨረሻው በተለይ የዛሬ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድ ይችላል፤ ሌላ ቦታ ያለ ሰው በአቅራቢያው ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል መኖሩን ይጠይቅ። ሐኪሙ ፊት ሲቀርብም የልብ ምቱንና የራስ ምታቱን ብቻ አይናገር፤ «ዶክተር፣ የምፈራው መሞትን ነው» ይበል።